ላብራቶሪ ለሌለው የፊዚክስ ክፍል አንድ ፕሮጀክተር ምን ይሠራል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ታስተምራለህ፣ 60 ተማሪ አለህ፣ ላብራቶሪ የለም፣ ኔት የለም። ያለህ የራስህ ላፕቶፕና ወረፋ የሚጠበቅለት አንድ ፕሮጀክተር ነው። "በዚህ ሁኔታ ዲጂታል ምናምን ማለት ምን ዋጋ አለው?" ነው ያልከው። እኔም የማስተምረው እንዲሁ ባለ ክፍል ስለሆነ ልንገርህ፣ ዋጋ አለው።

በመጀመሪያ ፓወርፖይንቱን እርሳው። ተማሪው ከሰሌዳ የሚገለብጠውን ከግድግዳ ቢገለብጥ ምን ተለወጠ?

ይልቅ ፌት (PhET) የሚባለውን አውርድ። የአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ነጻ የሳይንስ ሲሙሌሽኖች (ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች) ናቸው። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ ታወርዳለህ፣ በፍላሽ ትይዛለህ፣ ከዚያ ያለ ኔት በክሮም ይከፈታል።

የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚገጠምበትን ውሰድ። አንድ ባትሪና ሁለት እኩል አምፖሎች በተከታታይ ግጠም፣ ማብሪያው ግን ሳይበራ ይቆይ። አሁን ጠይቅ፦ የትኛው አምፖል ይደምቃል? መልሱን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ፣ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይከራከሩ፣ አንተ ዝም በል። እኔ ክፍል ብዙዎቹ "የመጀመሪያው፣ ከረንቱን እሱ ስለሚጨርሰው" ይላሉ፣ ጎበዞቹ ሳይቀሩ። ስታበራው ሁለቱም እኩል ይበራሉ። ያኔ የሚነሳውን ጫጫታ አታስቁም፣ አምሜትሩን (የከረንት መለኪያውን) ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በመሃል፣ ከሁለተኛው በኋላ እያዛወርክ ቁጥሩ ያው መሆኑን ራሳቸው እንዲያነቡት አድርግ። በነገራችን ላይ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ካገናኘኸው ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል፣ ለሱ ሲባል ኋላ ወንበር የሚያንቀላፋውም ይነቃል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፣ ልጁ ባይገባውም አይቆም፣ አይመለስም፣ መምህሩ ከጎን ቆሞ ያያል። ስለዚህ እኔ ስመርጥ የማየው ይሄን ነው፦ መሃል ላይ አቁሜ "ቀጥሎ ምን ይሆናል?" ማለት እችላለሁ ወይ? የማልችል ከሆነ ይቅርብኝ።

ስልክህ ላይ ዳታ ካለህ ደግሞ ፕሊከርስ (Plickers) የሚባለውን አፕ ሞክር። ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም። ኮድ ያለበት ወረቀት አትመህ ትሰጣለህ፣ እሱ እንደ መልሱ ወረቀቱን አዙሮ ከፍ ያደርጋል፣ አንተ በካሜራ ክፍሉን ስትቃኝ ማን ምን እንደመለሰ ይመጣልሃል። ወረቀቱ ላይ ያሉት የመልስ ፊደሎች ትንንሽ ስለሆኑ ከጓደኛ መኮረጅ ይከብዳል። ካርዶቹ እስከ 63 ስለሆኑ ለክፍልህ ይበቃሉ።

ቴሌግራም ግሩፕ ለተጨማሪ ማብራሪያ ጥሩ ነው፣ ማርክ ያለው ነገር ግን አትላክበት። በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስልክ የሌለው ልጅ ምን እንደሆነ አይተናል።

መብራት ከጠፋብህም ሰርኪዩቱን በቾክ ሳለውና ጥያቄውን ያኔውኑ ጠይቅ፣ ማሳየቱ ለነገ ይደርሳል። ፋይሉ አልከፈት ካለህ እዚሁ ጻፍልኝ።