የካርቦን ፍሬን ነካ ነካ አይወድም

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ ነው። ጠያቂው በኪራይ የምትበር ትንሽ ጄት ላይ የሚሠራ ወጣት ቴክኒሻን ነው። «ጋሼ፣ አብራሪዎቻችን ፍሬን እንዳያልቅ ብለው ቀስ እያሉ ነካ ነካ ነው የሚያደርጉት። እንዲያም ሆኖ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ያልቃል። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ይሆን?» ይላል።

ከፍታው ድርሻ አለው፣ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አጣራ። ፍሬናችሁ ብረት ነው ካርቦን?

ብረት የሚያልቀው በሚውጠው ጉልበት ልክ ነው። በቀስታ ደጋግሞ መያዝ ብዙም አይጎዳውም። የካርቦን ጠባይ ሌላ ነው። በአብዛኛው የሚበላው በተያዘበት ብዛት ነው። አንዴ ጠበቅ አድርጎ የያዘ አብራሪ፣ አምስቴ ነካ ነካ ካደረገው ያነሰ ይበላል። የእናንተ ካርቦን ከሆነ ሰዎቹ ቆጠብን ብለው እየጨረሱት ነው ማለት ነው።

ደግሞ ብዙው የሚያልቀው ሲያርፉ ሳይሆን መሬት ላይ ሲንቀሳቀሱ ነው። ቀለል ያለች ጄት ሞተሯ በዝቅተኛው ኃይል ላይ ሆኖም ትገፋለች። አብራሪው ፍጥነቷን ለመያዝ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ይሄዳል። ይህን ይተው። ትንሽ ትፍጠን፣ ከዚያ አንዴ ጠበቅ አድርጎ በደንብ ያብርዳትና ሙሉ በሙሉ ይልቀቅ። እንደገና ስትፈጥን እንደዚያው። ጎንደር ላይ እስከ ማቆሚያው ያለው መንገድ አጭር ነው። ቦሌ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ወረፋም አለ። እኔ ብሆን ጎንደርን ከመውቀሴ በፊት ቦሌን እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደ ከፍታው። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ስስ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ቢሆን፣ የፍጥነት መለኪያው 120 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) እያሳየ አውሮፕላኗ በእውነት የምትሄደው በ138 ኖት ገደማ ነው። ጉልበት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው። ስለዚህ ነፋስ ከሌለ፣ በባሕር ጠለል በመደበኛ አየር ከሚያርፉት ይልቅ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይዛችሁ ነው መሬት የምትነኩት። በዚያ ላይ ካፒቴኑ «ለጥንቃቄ» ብሎ 10 ኖት ከጨመረ ሌላ 17 በመቶ ይመጣል። ፍሬኑ ብረት ከሆነ ይህ ሁሉ ዲስኩ ላይ ይከፈላል። ካርቦን ከሆነ ከማለቁ ይልቅ ግለቱ ነው የሚያሳስበው።

ሊማሊሞን በአይሱዙ የሚወርድ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ነው የሚያስይዘው፤ ፍሬኑን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ጄትም እንዲሁ ነው። ሳትንሳፈፍ በትክክለኛው ቦታ ትረፍ፣ ስፖይለሩ (ክንፉ ላይ ቀና የሚለው ሰሌዳ) ይነሳ፣ ሪቨርስ (የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚመልሰው) ካላት ገና በፍጥነት ላይ እያለች ይከፈት። ሪቨርስ በደንብ የሚሠራው ያኔ ነው። (ብዙ ትንንሽ ጄቶች ሪቨርስ የላቸውም፣ እነሱ ምን ያድርጉ!) ከዚያ አንድ ወጥ የሆነ ፍሬን ይያዝ። በክረምት ማኮብኮቢያው ሲረጥብ ግን የቁጠባ ወሬ ይቅር። ቶሎ መቆም ይቀድማል፣ የአውሮፕላኗ መመሪያ የሚለውም ከእኔ ምክር ይበልጣል።

በጥምቀት ሰሞን ቶሎ ቶሎ ስትመላለሱ ፍሬኑ የመብረጃ ጊዜ አያገኝም። ጎማው እንደጋለ የፓርኪንግ ፍሬን አትያዙ፤ ታኮ አድርጉላት። በጣም ወደጋለ ጎማ ስትቀርብ ከፊት ወይም ከኋላ እንጂ ከጎን አትምጣ።

ለአንተ ሥራ የቀረው ልኬቱ ነው። የማለቁን መጠን የምታሳየውን ፒን ስታነብ ፍሬኑ ተይዞ መሆን አለበት። ተለቆ ካነበብከው ፒኗ ረዝማ ትታይሃለች፣ ገና ብዙ የቀረው ይመስልሃል። የግራና የቀኙ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ወደ አብራሪዎቹ ከመሄድህ በፊት የማይለቅ ፍሬን ፈልግ። አውሮፕላኗን በጃክ አንሳና ፍሬኑ ተለቆ ጎማውን በእጅህ አዙረው። አንዱ ከሌላው ከብዶ ከዞረ የሚበላው እሱ ነው።