በኦስሎ ተራ የሆነው መኪና በደሴ ለምን ያስፈራል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ በደሴ የምኖር ነጋዴ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው በኦስሎ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መኪና እዚያ አስተማሪውም አናጺውም የሚነዳው ተራ ነገር መሆኑን ይነግረኛል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ያለችው የአጎቴ ልጅ ግን የራሱ ቤትና ደህና ገቢ ያለው ሰው መኪና ነው ትላለች። አዲስ አበባ ስሄድ ብዙዎች በኩራት ሲነዱት አያለሁ። እኔም ለመግዛት አስቤ ምክር ስጠይቅ፣ የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች «ገንዘብህን አታባክን፤ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ግዛ» አሉኝ። መኪናው አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ እንደየአገሩ የተለያየው ለምንድን ነው? እኔስ የማንን ምክር ልስማ?
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሁሉም የነገሩዎት በዓይናቸው ያዩትን ነው። በእኛ እምነት ሰዎች ለዚህ መኪና የሚሰጡት ክብር፣ መኪናው በሚኖሩበት ስፍራ ከምን ወጪና ከምን እንግልት እንደሚገላግላቸው ይወሰናል።

ከወንድምዎ አገር ከኖርዌይ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1989 የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቹ ፍሬድሪክ ሃውገ እና የ«አ-ሃ» የሙዚቃ ቡድን አባላት በኤሌክትሪክ እንድትሠራ የተለወጠች ትንሽ ፊያት ፓንዳ ይዘው በኖርዌይ የመንገድ ክፍያ አንከፍልም አሉ፤ መኪናዋ ተይዛ ለሐራጅ ስትቀርብም መልሰው ይገዟት ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት እነዚህን መኪኖች ከ1990 ጀምሮ ከማስመጫ ግብር፣ በ1997 ከመንገድ ክፍያ፣ በ2001 ደግሞ ከ25 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አደረጋቸው፤ ቆየት ብሎም በአውቶቡስ መስመር እንዲሄዱ ፈቀደላቸው። ጠዋት በሰልፍ ለተጨናነቀ ሠራተኛ ባዶውን የአውቶቡስ መስመር ይዞ ማለፍ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ አሳማኝ ነበር። በ2024 በኖርዌይ ከተሸጡት አሥር አዳዲስ መኪኖች ዘጠኝ ያህሉ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ጎረቤት ሁሉ የያዘው ነገር ባለቤቱን ከሌላው አይለየውምና፣ ወንድምዎ «ተራ» ማለታቸው ትክክል ነው። መንግሥትም በ2023 ዋጋቸው ከ500,000 ክሮነር (የኖርዌይ ገንዘብ) በሚበልጡት ላይ፣ ከዚያ በላይ ላለው ዋጋ ብቻ ይህንኑ ታክስ መጠየቅ ጀመረ።

በአሜሪካ ግን ነገሩ የተጀመረው ከላይ ነው። ቴስላ በ2008 ያወጣው ውድ የስፖርት መኪና ነበር፤ በ2012 የተከተለው «ሞዴል ኤስ»ም የባለጸጎች መኪና ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ቢቀንስም፣ የአጎትዎ ልጅ የጠቀሱት የቤት ጉዳይ ዋናው ነጥብ ሆኖ ቀጥሏል፤ የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው ሌሊት በርካሽ ይሞላል፣ በኪራይ አፓርታማ የሚኖረው ግን ውድ የሆነ የሕዝብ መሙያ ፍለጋ ይዞራል። ረጅም መንገድና ጭነት በሚበዛባቸው እንደ ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች ገጠር ደግሞ የሰው ኩራት ዛሬም ትልቁ የቤንዚን ፒክአፕ ነው።

በቻይና ክብሩ ያለው ታርጋው ላይ ነው። በሻንጋይ የቤንዚን መኪና ታርጋ የሚገኘው በጨረታ ሲሆን፣ ዋጋው 90,000 ዩዋን አካባቢ ደርሶ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ነዋሪ ግን መስፈርቱን ካሟላ አረንጓዴውን ታርጋ ያለ ጨረታ ያገኝ ነበር። በትናንሽ ከተሞች ደግሞ በ2020 በ28,800 ዩዋን ለገበያ የቀረበችው የዉሊንግ ትንሿ መኪና ሞተር ሳይክል ይነዳ የነበረውን ሰው ባለመኪና አድርጋዋለች።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ኔፓል ይመስለናል። እንደ እኛ ተራራማና ወደብ አልባ ናት፤ ነዳጇን ከውጭ ታስመጣለች፣ ኤሌክትሪኳን ከወንዞቿ ታመነጫለች። በ2015 በሕንድ ድንበር የነዳጅ አቅርቦት ሲቋረጥ ሕዝቡ ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። የታክስ ቅናሹም ታክሎበት፣ ዛሬ ወደ አገሪቱ ከሚገቡ አዳዲስ አነስተኛ መኪኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኤሌክትሪክ ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ለእነዚህ መኪኖች ከዚያ በፊት የታክስ እፎይታ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባው ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በአዲስ አበባ የሚያዩት ኩራት የተወለደው ከዚህና በነዳጅ ማደያ ከሚያድረው ሰልፍ ነው፤ ሰልፉን አልፎ የሚሄድ ሰው ይቀናበታል። የትልልቆቹ ምክርም ቢሆን ከድሮ ልማድ ብቻ የመጣ አይደለም። በእኛ አገር መኪና ጥሪትም ነው፤ ኮሮላ በየትኛውም ከተማ መካኒክና መለዋወጫ ስለሚያገኝ ባለቤቱ ሲቸግረው ወዲያው ይሸጠዋል። ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ገዢው በማያውቀው መኪና ላይ እንዲህ ያለ እምነት ገና አልተጣለም፤ እምነት ሳይኖር ደግሞ ክብር አይመጣም።

እንግዲህ ለእርስዎ ውሳኔ የሚጠቅመው መንገድዎ ነው። የዘወትር ጉዞዎ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ከሆነ፣ ርቀቱ በደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ ከቤት ሶኬት ሌሊቱን የሚሞላው ኃይል በቂ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ባትሪው ቶሎ ቢወርድም፣ ሲወርዱ ከፊሉን መልሶ ይሞላል። ዕቃ ለማምጣት በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ከሆነ ግን 400 ኪሎ ሜትሩ፣ የጣርማ በር ዳገትና በመንገዱ ላይ ያለው የመሙያ እጥረት ስላለ፣ ለጊዜው የትልልቆቹን ምክር እንዲሰሙ እንመክራለን። በቻይና መለኪያ የተጻፈው የጉዞ ርቀት በተግባር ከሚያገኙት ይበልጣልና እሱን ተማምነው አይግዙ። የመኪናው መሰኪያ የቻይና ይሁን የአውሮፓ፣ በአቅራቢያዎ ካለው መሙያ ጋር መስማማቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ከመክፈልዎ በፊትም ሻጩ ፈቅዶልዎ መኪናውን ሰውና ዕቃ ጭነው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይንዱት፤ ሲነሡና ሲደርሱ ከመሪው ፊት ባለው ስክሪን ላይ የሚያዩትን የባትሪ መቶኛ በወረቀት ይመዝግቡ።