ጥያቄና መልስ፦ የገና አሻንጉሊታችን እጇን እንድታጥፍ

ገና እየደረሰ ነው። ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ናቸው፤ በጨርቅ ሰፍታችሁ በጥጥ የሞላችኋት አሻንጉሊት እንዴት እጇን ታጥፋለች፣ እንዴት ቁጭ ትላለች የሚሉ። መልሱ ሽቦ ነው። ሽቦ ደግሞ ልጅ አቅፎት ሊተኛ የሚችል ነገር ውስጥ የሚገባ ስለሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

*"የሀገር ልብስ የለበሰች፣ ቁጭ ብላ ቡና የምትቀዳ አሻንጉሊት ጀምሬያለሁ። ቁመቷ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ምን ዓይነት ሽቦ ልግዛ? እንዴትስ ላስገባው?"* (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ቡና የምትቀዳ! ሐሳብሽ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ወሎ ውስጥ ጀበና የሌለበት ምን በዓል አለ።

ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሂጂና ባለ 1.5 ገመድ በይ፤ ግን ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ የሆነውን። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው እንደ ልብ ይተጣጠፋል፣ ሲለቁት ግን ባለበት አይቆይም፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባለ 2.5 ደግሞ ለዚህች ቁመት ይወፍራል፣ ልጅ በጣቱ ማጠፍ ያቅተዋል። ፕላስቲኩን አትላጪው። ጨርቁን ከመቆረጥ፣ መዳቡን ከእርጥበት የሚጠብቀው እሱ ነው። ብዙ ሰው ቤት ያለውን የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ያስገባል፤ ርካሽና ለስላሳ ነው እውነት ነው፣ ግን ይዝጋል፤ ዝገቱም ነጩን ቀሚስ ቡናማ ያደርገዋል።

አንድ 80 ሳንቲ ሜትር ቁረጪና ለሁለት እጠፊው። እጥፋቱን የእንቁላል ያህል ክፍት አድርገሽ ተይው፣ እሱ የጭንቅላቷ ቀለበት ነው። ከአንገቷ እስከ ዳሌዋ ሁለቱን አብረሽ ግመጃቸው፣ ከዚያ ወደ ሁለት እግር ለያያቸው። ለእጆቿ ሌላ 35 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ፣ ትከሻዋ ላይ በጀርባ አጥንቷ ዙሪያ አንድ ሁለት ጊዜ ጠምዝዢው።

አሁን ዋናው ነገር። አራቱንም ጫፎች በፒንሳ ወደ ውስጥ መልሰሽ ቀለበት አድርጊያቸው፤ የተቆረጠው ጫፍ ራሱ ላይ ተመልሶ እስኪጠጋ ድረስ። በናስትሮ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልይው፣ ከዚያ በላዩ በጨርቅ ቁራጭ። ሽቦው ከመዳፏና ከእግሯ ጨርቅ አንድ ሳንቲ ሜትር አጠር ማለት አለበት። ይህን የምደጋግመው ምክንያት ስላለኝ ነው። ከዓመታት በፊት ለእህቴ ልጅ የሠራኋት አሻንጉሊት ጫፏን በናስትሮ ብቻ ሸፍኜ ነበር። በሦስተኛው ወር ሽቦው በመዳፏ በኩል ብቅ ብሎ ልጅቷን ተኝታ ሳለ ጉንጯ ላይ ጫራት። ጭረቱ ቀላል ነበር፣ ግን ዓይኗ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲህ ጫፉ ያልታጠፈ ሽቦ ከእጄ አይወጣም።

ጥጡን ከመሙላትሽ በፊት ሽቦውን በሙሉ በቀጭን የጨርቅ ቅዳጅ ወይም በሱፍ ክር ጠቅልይው። ያልተጠቀለለ ሽቦ ጥጥ ውስጥ ይንሸራተታል፤ እጇን ስታጥፊ ሽቦው ወደ አንድ በኩል ጨርቁ ወደ ሌላ ይሄዳል። የተጠቀለለው ግን ጥጡን ይይዛል። መዳፏ ላይ ደግሞ ቀለበቱን በመርፌ ከጨርቁ ጋር ስፊው።

ጀበናዋን ከሸክላ አትሥሪ፣ ከብዶ ክንዷን ይጥላል። ከጥቁር ጨርቅ ሰፍተሽ በጥጥ ሙያትና መዳፏ ላይ አያይዣት።

*"ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ለእሷም ሽቦ ያላት ልሥራላት?"* (ከኮምቦልቻ)

አይሆንም እህቴ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ያኝካል፣ ይጎትታል። በጥጥ ብቻ ሙይላት። ቁልፍና ጨሌም አታድርጊባት፣ ዓይኗን በክር ጥለፊው።

*"በመዳብ ነው የሠራሁት፣ ግን ክርኗ ላይ ሽቦው ተሰበረ። መዳብ አይሰበርም ሲሉኝ ነበር።"* (ከደሴ፣ ፒያሳ)

ይሰበራል። መዳብ አንድ ቦታ ላይ በተመላለሰ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ቀጭ ይላል። ብር ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ብሩ ሲደርቅባቸው እሳት ላይ አግለው መልሰው ያለሰልሱታል። መዳብም እንደዚያው ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ያለበትን ገመድ እሳት ላይ እንዳታደርጊው፣ ጭሱ መርዝ ነው። የተሰበረውን አውጥተሽ በአዲስ ተኪው። በሚቀጥለው ክርኗን እንደ ወረቀት አትጠፊያት፣ ክብ አድርገሽ እጠፊ፤ ሹል እጥፋት ነው ቶሎ የሚሰብረው። አሉሚኒየም ልሞክር ብለሽም ጠይቀሻል። ቀላልና ለስላሳ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ለምትቀመጥ ጥሩ ነው፤ ልጅ ሲያመላልሰው ግን ከመዳቡ ቀድሞ ይሰበራል።

*"ሽቦ አስገብቻለሁ። እጇን ሳጥፈው ግን ይመለሳል። ሽቦው ቀጥኖ ይሆን?"* (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ)

አብሽሪ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው አይደለም። ጥጡ በዝቷል። ክርኗና ጉልበቷ ጋ አጥብቀሽ ከሞላሽ የተጠቀጠቀው ጥጥ ሽቦውን መልሶ ይገፋዋል። ክንዷን ሙይ፣ ክርኗ ጋ ስትደርሺ አሳሺው፣ ከዚያ እንደገና ሙይ። ከሳሳው ቦታ ላይ በቀጭኑ አንድ መስመር ስፌት ብታልፊበት ደግሞ እንደ እውነተኛ ክርን ራሷ ትታጠፋለች። ጨርቁም ራሱ እንዳይወጠር በልክ ሳይሆን ትንሽ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪው።

*"ተሠርታ ያለቀች አለችኝ። ሳላፈርሳት ሽቦ ማስገባት ይቻላል?"* (ከኮምቦልቻ)

ይቻላል። ከጀርባዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፌት ፍቺ፣ ጥጡን ከእጅና ከእግሯ በጣትሽ አውጪው፣ ሽቦውን አጣጥፈሽ አስገቢና ውስጥ ዘርጊው። ጥጡን መልሰሽ ስትሞይ በእርሳስ ጀርባ ግፊው እንጂ በመቀስ ጫፍ አይደለም።

*"እናቴ እጥበት ይወዳሉ፤ አሻንጉሊቷንም ያጥቧታል። ሽቦው ምን ይሆናል?"* (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እንደ ልብስ ነክረው አይጠቧት በያቸው፤ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ይጥረጓት። ጥጥ ውሃ ከጠጣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቆያል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትሆኑ ፀሐዩ ያግዛችሁ ነበር፤ እኛ ደሴዎች ግን ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድብን ልብስ እንኳ ስንት ቀን ይሰነብታል። የሚሻለው ቀሚሷን የሚወልቅ አድርጎ መስፋት ነው። እሱን እንደፈለጉ ይጠቡት።

*"ገና የሚጫወት ልጅ ሠርቻለሁ፣ ዱላው በሁለት እጁ ነው። አልቆም አለኝ፣ ፊቱን ይደፋል። በምን ላቁመው?"* (ከኮምቦልቻ)

ይህን ጥያቄ ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ የገና ዱላ ይዞ የቆመ የጨርቅ ልጅ ማየት እንዴት ደስ ይላል። ፊቱን የሚደፋው ክብደቱ ሁሉ ከፊቱ ስለሆነ ነው፤ ጭንቅላቱም እጁም ዱላውም ወደ ፊት ነው ያሉት። እንግዲህ ከታች አክብደው። የእግሩን ሽቦ ጫፍ ላይ ብቻ ቀለበት አታድርግ፣ ተረከዙን አልፎ እንደ ጫማ ሶል ሰፋ ብሎ ይዙር። ቦርከና ወንዝ ዳር ወርደህ ሁለት ጠፍጣፋ ጠጠር ምረጥ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ እያንዳንዱን ጫማ ውስጥ በደንብ ስፋው፤ ተፈልቅቆ እንዳይወጣ ድርብ ስፌት ይሁን። ከዚያ እግሮቹን አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ አድርግና ጉልበቱን ትንሽ እጠፍለት። ሩሩን ሊመታ የተዘጋጀ ልጅ መቼም እግሩን ገጥሞ አይቆምም። አሁንም ከደፋ ዱላውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገውና ጫፉ ወለሉን ይንካ፣ ሦስተኛ እግር ይሆነዋል።