ልጅዎ አትሌቲክስን ይውደድ፤ እርስዎ ግን ግንባታውን ይመልከቱ

ሰላም እህቴ፤

ከላስ ቬጋስ የጻፉትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የ11 ዓመት ልጅዎ የቤዝቦሉ አትሌቲክስ ደጋፊ ሆኗል። ባለቤትዎ ደግሞ «ያሳደገውን ሁሉ አሳልፎ የሚሰጥ ቡድን ነው፤ ላስ ቬጋስ ይሠራለታል የተባለው ስታዲየምም ወረቀት ላይ ይቀራል» እያሉ ልጁ ልቡን እንዳይሰጥ ይፈልጋሉ። እርስዎ ግን በመጋቢት ይዘውት አሪዞና ወርደው የዝግጅት ጨዋታ ማሳየቱ ይጠቅም እንደሆነ፣ ስታዲየሙም በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የምኖረው ኦክላንድ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው ቡድን ከእኛ የሄደው ስለሆነ መልሴ ይረዝማል። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እዚህ የደረስኩት በ1999 ነው። ታክሲ ስነዳ ጆሮዬን ከእንግሊዝኛ ጋር ያላመደው የቤዝቦል የሬዲዮ ስርጭት ነበር፤ ጨዋታው ዝግ ያለ ስለሆነ ተናጋሪው ቃላቱን አይሻማም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2002 ምሽት አትሌቲክስ 19 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ 20ኛውን እየተጫወተ ነበር። ካንሳስ ሲቲን 11 ለ 0 ከመራ በኋላ ያ ሁሉ ልዩነት ቀልጦ 11 ለ 11 ሆነ። መኪናዬን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ፊት ለፊት አቁሜ ተሳፋሪ መጫኑን ተውኩት። በዘጠነኛው ዙር ስኮት ሃተበርግ ኳሷን ከአጥር ውጭ ልኮ 20ኛውን ድል ሲያስገኝ ብቻዬን ስጮህ፣ ከምግብ ቤቱ ሰዎች ምን ደረሰበት ብለው ወጡ። ደጋፊ የሆንኩት ያን ምሽት ነው።

ባለቤትዎ የሚሉት መሠረት አለው። በቅድሚያ ግን ልውውጡ እንዴት እንደሚሠራ ለልጁ ማስረዳት ያስፈልጋል። እዚህ ትሬድ የሚባለው ነገር በእግር ኳስ እንደምናውቀው ዝውውር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ሰው በሰው ነው፤ የተለየ መብት ከሌለው በቀር ተጫዋቹ ፈቃዱን አይጠየቅም። አንድ ወጣት ዋናው ሊግ ከገባ ጀምሮ ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው በቡድኑ እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደመወዝ እምብዛም አይርቅም። ቀጥሎ በግልግል ዳኝነት ደመወዙ በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ ስድስቱ ሲሞላ ወደፈለገበት ይሄዳል። ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ቡድን ታዲያ ተጫዋቹ ውድ ሆኖ ሊሄድ ሲቃረብ፣ ገና ርካሽ በሆኑ ልጆች ይለውጠዋል። አትሌቲክስ ለብዙ ዓመታት የኖረው በዚህ ነው።

ጆሽ ዶናልድሰን በ2014 መጨረሻ ወደ ቶሮንቶ ተሰጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ። በእሱ ምትክ ከመጡት አራቱ መካከል በኦክላንድ ስሙ የሚነሳ ሰው አልወጣም። ከሁሉም የከፋው ግን ማርች 2022 ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ ክሪስ ባሲት ወደ ኒው ዮርክ ሜትስ፣ ማት ኦልሰን ወደ አትላንታ፣ ማት ቻፕማን ወደ ቶሮንቶ ሄዱ። ሴት ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የኦልሰን ቁጥር ያለበትን ማሊያ ለብሳ ትተኛለች። ስነግራት አላለቀሰችም። «ምን አጥፍቶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አጣሁ። ልጅ ከቤት የሚባረር ሰው ያጠፋ ሰው ነው ብሎ ያስባል። ምንም አላጠፋም፣ ጎበዝ ስለሆነ ነው ብላት የባሰ ግራ ገባት። እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ፦ ልጅዎ የሚወደው ተጫዋች ስንት ዓመት እንደቀረው አስቀድመው አብራችሁ ቁጠሩ። ልጄ አሁን የእያንዳንዱን ተጫዋች ቀሪ ዓመት በቃሏ ታውቃለች፤ ፍቅሯም አልቀነሰም።

አሁን ወደ ስታዲየሙ ልለፍ። ሁለቱ ጥያቄዎችዎ በእኔ እምነት አንድ ጥያቄ ናቸው። የኛ ስታዲየም ኮሊሲየም በ1966 የተከፈተ ነው። ቡድኑ አዲስ ስታዲየም ፍለጋ ሲዞር ያላየነው ንድፍ የለም። ፍሪሞንት ተባለ፤ ቀረ። ሳን ሆሴ ተባለ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ግዛቱ የእኛ ነው ስላሉ ሙግቱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ በ2015 ተዘጋ። በ2017 ከሌኒ ኮሌጅ አጠገብ ተባለ፤ የኮሌጁ ቦርድ ንግግሩን አቋረጠ። በ2018 በወደቡ ዳር ሃዋርድ ተርሚናል የሚባለው ቦታ መጣ። የዚያን ንድፍ አትሜ ኩሽናችን ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር፤ ጣሪያው ላይ መናፈሻ ያለበት፣ ከጀርባው ባሕሩ የሚታይበት ሥዕል። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 2023፣ ቡድኑ ላስ ቬጋስ መሬት ሊገዛ መስማማቱን ሰማን።

ጁን 13 ቀን 2023 ኮሊሲየም ሄድን። ደጋፊው ጨዋታ መቅረት አቁሞ በአንድ ቀን ልሙላው ብሎ የተጠራራበት ምሽት ነው። የቡድኑ ባለቤት ቡድኑን ይሽጥ ለማለት «ሽጥ» የሚል ቃል የተጻፈበት አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰን 27,759 ሰው ተገኘን፤ ታምፓ ቤይን 2 ለ 1 አሸነፍን። በዚያው ሳምንት የኔቫዳ ምክር ቤት ለላስ ቬጋሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ አጸደቀ። በኖቬምበር የሊጉ ባለቤቶች በሙሉ ድምፅ ዝውውሩን ፈቀዱ። በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 በኮሊሲየም የመጨረሻው ጨዋታ 46,889 ሰው ነበርን፤ ቴክሳስን 3 ለ 2 ረታን። ከጨዋታው በኋላ የሜዳው ሠራተኞች ለሰዉ አፈር ያድሉ ነበር። ልጄ በውሃ ጠርሙስ ተቀብላ መጣች፤ ዛሬም መስኮቷ ላይ ነው።

ይህን የምተርክልዎ ለማማረር አይደለም። የት እንደሚኖር የማያውቅ ሰው ከባድ የቤት ዕቃ አይገዛም። ያ ሁሉ ንድፍ በወጣባቸው ዓመታት ቡድኑ ትልቅና ረጅም ውል እምብዛም አልሰጠም፤ በ2023 50 ጨዋታ አሸንፎ 112 የተሸነፈውም ኦልሰንና ቻፕማን የመሳሰሉት ስለሄዱ ነው። ከዚያ መድረሻው ሲታወቅ ምን እንደተከተለ ይመልከቱ። በዲሴምበር 2024 ለወርዋሪው ሉዊስ ሴቬሪኖ በሦስት ዓመት 67 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ፤ በዚያ ጊዜ በቡድኑ ታሪክ ትልቁ ውል ነበር። በጃንዋሪ 2025 ብሬንት ሩከር ለአምስት ዓመት 60 ሚሊዮን፣ በማርች ሎረንስ በትለር ለሰባት ዓመት 65.5 ሚሊዮን ፈረሙ። ከሀብታሞቹ ቡድኖች የሚደርሰውን ድርሻ ለተጫዋች ማዋል ስለሚጠበቅበትም ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ለበትለር ሰባት ዓመት መስጠት ግን ድርሻ ለማሟላት ብቻ የሚደረግ ነገር አይመስለኝም።

ባለቤትዎ የሜሰን ሚለርን ልውውጥ ቢያነሱብዎ እንዲህ ይበሏቸው። ሚለር በሰዓት ከ100 ማይል በላይ የሚወረውር፣ በመጨረሻው ዙር ገብቶ ድሉን የሚያስጠብቅ ሰው ነበር። ጁላይ 31 ቀን 2025 ከጄፒ ሲርስ ጋር ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደ። እኔም ተናድጄ ነበር። ነገር ግን ቡድኑ በዚያ ዓመት ያሸነፈው 76 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በሬ የሌለው ገበሬ ጅራፍ ምን ያደርግለታል? በምትኩ ከመጡት መካከል ሊዮ ዴ ቭሪስ የሚባል ያኔ 18 ዓመቱ የነበረ የዶሚኒካን ልጅ አለ፤ ቦታው ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ነው፤ በ2028 ስታዲየሙ ሲከፈት ገና 21 ዓመቱ ይሆናል። ይህ የዶናልድሰን ዓይነት ልውውጥ አይደለም። ቡድኑ ወደ አንድ ዓመት እያነጣጠረ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ስለዚህም ወደ አሪዞና ይሂዱ እላለሁ። ሜሳ ከላስ ቬጋስ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ አትሌቲክስ ከ2015 ጀምሮ የሚዘጋጀው እዚያ ሆሆካም ስታዲየም ነው። ጨዋታዎቹ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ይዘልቃሉ። በሩ እንደተከፈተ ይግቡ። ተጫዋቾቹ ሲሟሟቁ ልጆች ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው ኳስ ያስፈርማሉ፤ በመደበኛው ውድድር ይህ ቅርበት አይገኝም። የጨዋታውን ውጤት ግን ልጁ እንዳይቆጥረው። አንድ ነባር ወርዋሪ አዲስ የተማረውን አንድ ዓይነት ኳስ ብቻ ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል፤ ቢመታበትም ግድ አይሰጠውም። በስድስተኛው ዙር ገደማ ታዋቂዎቹ ይወጡና ጀርባቸው ላይ ትልልቅ ቁጥር የለጠፉ ልጆች ይገባሉ። ብዙ ሰው ያኔ ተነስቶ ይሄዳል። እናንተ ተቀመጡ፤ የመጣችሁት ለእነሱ ነው። ዴ ቭሪስን ካገኛችሁ እግሩን ተመልከቱ፤ ኳስ ከመመታቷ በፊት ወዴት እንደሚያዘነብል። ከወርዋሪዎቹ ደግሞ ጌጅ ጀምፕና በ2025 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) የተመረጠው ጄሚ አርኖልድ ግራኞች ናቸው።

አምስት ሰዓት መንዳቱ ከከበደዎት ከቤትዎ ሳይርቁም መንገድ አለ። በሰመርሊን ላስ ቬጋስ ቦልፓርክ የሚጫወተው አቪዬተርስ የአትሌቲክስ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ቡድን ነው። ነገ ዋናው ቡድን የሚጠራቸው ልጆች ከእናንተ ሰፈር እየተጫወቱ ነው። ለ11 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ኒክ ኩርትዝን ግን ሳላነሳ አልጨርስም፤ ልጅዎ የሚወደው እሱን እንደሆነ ጽፈዋልና። በ2024 በድራፍት ተመርጦ በ2025 ዋናው ሊግ ገባ፤ ጁላይ 25 ሂውስተን ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ሆም ራን (ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚልክ ምት) መታ። ይህን ያደረገ ጀማሪ በታሪክ የመጀመሪያው ነው። በዓመቱ መጨረሻ በሙሉ ድምፅ የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፤ በዚህም ምክንያት 2025 እንደ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ይታሰብለታል። ረጅም ውል ካልፈረመ እስከ 2030 የቡድኑ ነው ማለት ነው። ኦልሰንና ቻፕማን የተሰጡት ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነበር። ኩርትዝ ሁለት ዓመት የሚቀረው ደግሞ 2028 ሲያልቅ፣ ስታዲየሙ ይከፈታል በተባለበት ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ከተከፈተ ይህ ቡድን እሱን ለመልቀቅ ምክንያት ያጣል ብዬ አምናለሁ። ከዘገየ ግን ቡድኑ በጊዜያዊነት ባረፈባት ሳክራሜንቶ በ14,000 ሰው ሜዳ፣ የከተማ ስም ሳይኖረው እየተጫወተ ይቆያል፤ ያኔ የባለቤትዎ ስጋት ትክክል ይሆናል።

እናም «ስታዲየሙ ይሠራል ወይ?» ላሉት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቅርብ ነዎት። ስታዲየሙ በሚቆምበት ቦታ የነበረው ትሮፒካና ሆቴል በኦክቶበር 2024 ፈርሷል፤ በጁን 2025 ሥራው በይፋ ተጀምሯል፤ 33,000 መቀመጫ፣ ጣሪያ ያለው ነው የተባለው። እኛ ሀያ ዓመት የተሰጠን ሥዕል ነበር፤ እናንተ ዘንድ ክሬን ቆሟል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የወጪው ግምት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር ተነስቶ ሁለት ቢሊዮን መድረሱን ስሰማ ልቤ ፈራ ማለቱ አልቀረም፤ እዚህ በርካታ ነገር የቆመው በዚህ ዓይነት ቁጥር ላይ ነው።

እኔና ልጄ አሁን የምንሄደው ምዕራብ ኦክላንድ ሬይሞንዲ ፓርክ ነው፤ ኦክላንድ ቦለርስ የሚባለው ትንሽ ቡድን እዚያ ይጫወታል፤ በ2025 የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ኩርትዝ ሊመታ ሲወጣ ግን ስልኳን ትከፍታለች፤ አልከለክላትም። በትሮፒካና ጎዳና ካለፉ የግንባታውን ፎቶ አንስተው እዚህ ይለጥፉልን፤ ከፍታው የት እንደደረሰ በየጊዜው ትጠይቀኛለች።