ሁሉም ተማሪ እንዲከታተለው የሒሳብ ትምህርቴን ከየት ጀምሬ ልቀይር?

ጥያቄ፦ በአንድ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሒሳብ በኦንላይን አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል ማየት የተሳነው ወጣት፣ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ በስልክ የሚከታተሉ እናቶች፣ እንዲሁም ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ ዐሥር ዓመት ያለፋቸው ሠራተኞች አሉ። እስካሁን የምልክላቸው የእጅ ጽሑፌን ፎቶና የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ነው። ከየት ልጀምር? ለሁሉም እንዲመች ብዬ ስቀይረውስ የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ማድረግ አይሆንብኝም?
መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ላስቀድም። ደረጃው ዝቅ የሚለው ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ሲቀነስ እንጂ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ሲበዛ አይደለም። ማየት የተሳነው ተማሪዎ የፈንክሽንን ሊሚት እንደ ጓደኞቹ ማስላት አለበት፤ ጥያቄውን ማንበብ ሳይችል ቀርቶ የሚያጣው ነጥብ ግን ስለ ሒሳብ ችሎታው የሚናገረው ነገር የለም።

ስለዚህ ከቀመሮቹ ይጀምሩ። የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ለስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም፣ ባዶ ገጽ ነው። ከሌላ ፋይል ተገልብጦ የተለጠፈ ቀመርም ብዙ ጊዜ ቅርጹን ያጣል፤ «ኤክስ ስኩዌር» የነበረው «ኤክስ ሁለት» ተብሎ ሲነበብ ተማሪው የሚሠራው ሌላ ጥያቄ ነው። ቀመሩን በላቴክ (ቀመርን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያስጽፈው ሥርዓት) ጽፈው በሙድል (በኦንላይን ማስተማሪያው መድረክ) ላይ በማትጃክስ (ላቴክን በድረ ገጽ ላይ ወደ ቀመር በሚለውጠው መሣሪያ) እንዲታይ ካደረጉት ግን ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ ስክሪን አንባቢ፣ ማትካት በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት፣ የክፍልፋዩ ላዕል የት እንደሚያበቃና ታሕቱ የት እንደሚጀምር ለይቶ በእንግሊዝኛ ያነብለታል። ለአንድ ተማሪ ተብሎ የተደከመበት ይህ ሥራ እናቶቹንም ይጠቅማል፤ እንዲህ የተጻፈ ቀመር በስልክ ሲያጎሉት እንደ ፎቶ አይደበዝዝምና።

ቀጥሎ የራስዎን ድምፅ ያዳምጡ። ብዙዎቻችን ሰሌዳ ላይ እየጠቆምን «ይህንን ወደዚያ እናሻግረዋለን» ማለት ለምደናል። በምትኩ «አምስትን ከእኩልታው ሁለቱም ወገን እንቀንሳለን» ቢሉ ማየት የማይችለው ይከታተላል፤ ከትምህርት የራቁት ሠራተኞችም ምልክቱ ለምን እንደተቀየረ ከነምክንያቱ ይሰማሉ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምመኘው ይህንን ነው። የአንድ ሰዓቱን ቪዲዮ በአንድ በአንድ ሐሳብ ከፋፍለው አጫጭር ቢያደርጉት ደግሞ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሰው ካቆመበት ለመቀጠል አይቸገርም።

ፈተናን በተመለከተ፣ የሚለካው ፍጥነት ካልሆነ በቀር ሰዓቱን ማጥበብ አስፈላጊ አይደለም። ሙድል ለአንድ ተማሪ ብቻ ተጨማሪ ጊዜ ለመስጠት ያስችላል፤ ፈተናውን ለሁለት ቀን ክፍት ማድረግም መብራት የጠፋበትን ይታደጋል።

ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር መቀየር አይቻልም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ብቻ ያዘጋጁና ለተማሪዎቹ ከመልቀቅዎ በፊት ያን ወጣት ፈቃዱን ጠይቀው ትምህርቱን በስክሪን አንባቢው ሲከፍት አብረውት ያዳምጡ፤ ቀጥሎ ምን መስተካከል እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እርሱ ያሳይዎታል።