«1948» ብላችሁ የቀኑ ቦታ ላይ እንዳትሞሉ

ወንድሜ፣ «የመሥሪያ ቤታችንን የድሮ ፋይሎች አቶም ላይ ልናስገባ ነው፤ ተመራማሪ እንዲያገኛቸው ከምን እንጀምር?» ብለሃል (አቶም የመዛግብትን ገለጻ መመዝገቢያና መፈለጊያ ሶፍትዌር ነው)። ኢሳድ ጂ የተባለው ዓለም አቀፍ የመዛግብት ገለጻ መመሪያ የግድ የሚላቸውን ስድስቱን (መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ፈጣሪ ማለትም ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት፣ ቀን፣ መጠን፣ የገለጻ ደረጃ ማለትም የሚገለጸው ጥቅል ስብስብ ነው ወይስ አንድ ፋይል) ታውቋቸዋላችሁ ብዬ ልለፍ።

1ኛ. ከስካኑ በፊት ገለጻው ይለቅ። አለቃ «ስንት ገጽ ስካን ሆነ?» ነው የሚለው፤ «ስካን0001» የተባለን ፋይል ግን ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

2ኛ. ቀን። ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። አቶም ለቀን ሦስት ቦታ አለው፤ አንዱ አንባቢ የሚያየው ነፃ ጽሑፍ፣ ሁለቱ ሲስተሙ የሚፈልግባቸው መነሻና መድረሻ። ነፃው ላይ ሽፋኑ ላይ እንዳለው «1948 ዓ.ም.» ጻፉ። ሁለቱ ላይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 1955-09-12 እና 1956-09-10። እዚያም 1948 ብትሉ ሲስተሙ አይቃወምም፤ የፈረንጅ 1948 ነው ብሎ ይይዘዋል፣ ፋይሉም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀይ ማስጠንቀቂያ ስለማይመጣ የሚነቃበት ስንት ሺህ መስመር ከገባ በኋላ ነው። መስከረም 1 በዘመነ ዮሐንስ ሴፕቴምበር 12፣ በሌሎቹ 11 ነው። በጀት ዓመት የተጻፈበት ፋይል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ የ1998 በጀት ዓመት የሚነሣው ከሐምሌ 1 ቀን 1997 ነው፤ 2005-07-08 ማለት ነው። የኤምባሲ ደብዳቤ ከተቀላቀለበትማ ቀኑ የፈረንጅ ሊሆን ስለሚችል ሽፋኑን አትመኑ፣ ውስጡን ግለጡ።

3ኛ. መስመሮቹን ኤክሴል ላይ አዘጋጅታችሁ ወደ አቶም ለመጫን ስታስቀምጡ ተራውን ሲኤስቪ (የሠንጠረዥ ጽሑፍ ፋይል ዓይነት) ከመረጣችሁ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። የወላጁ (የጥቅሉ) መስመር ከልጁ (በውስጡ ካለው) በላይ ይሁን፣ አለዚያ ተዋረዱ ይፈርሳል። ሲሪየሱ (የተዛማጅ ፋይሎች ጥቅል) ላይ የጻፋችሁትን ታሪክ በየፋይሉ አትድገሙ።

አማካሪ ተብዬዎች የማያነሡት ደግሞ ፊደላችን ነው። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ «ጸሀይ»ን አያገኝም። ለስም አንድ አጻጻፍ ወስናችሁ ሌሎቹን የባለሥልጣን መዝገቡ (አቶም ውስጥ የሰዎችና የመሥሪያ ቤቶች ስም የሚያዝበት መዝገብ) ላይ «ሌሎች የስም ቅርጾች» በሚለው ቦታ መዝግቡ። ይህ ለስም እንጂ ለርዕስ አይበቃም። ቴክኒሻኑ ኢላስቲክሰርች (አቶም የሚፈልግበት ሞተር) ላይ የፊደል ማመሳሰያ ይጨምርላችሁ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ግዕዙን ብቻ ሳይሆን እስከ ሳብዕ ሁሉንም፤ ሃ እና ኣም አይረሱ። ከዚያ ኢንዴክሱ (የመፈለጊያ ማውጫው) እንደ አዲስ ካልተሠራ ለውጡ አይታይም።