ጀልባው ላይ አንዱ መስመር 5፣ ሌላው 217 ሲያሳይ

ከጎርጎራ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። የብረት ጀልባህ ጄነሬተር በሁለቱ መስመሮች መካከል 220 ቮልት ይሰጣል። ቀድሞ እያንዳንዱን መስመር ከጀልባው ብረት ጋር ስትለካ 110 አካባቢ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት አንዱ 5፣ ሌላው 217 ይላል። ፀሐይ ስትበረታ ይስተካከላል። ብሬከር አይወርድም፣ ሁሉም ይሠራል። «ታዲያ ችግር አለው?» ብለሃል።

አለው እንጂ! ጠዋት ብሶበት ቀን የሚሻለው እርጥበት ነው። እኔ የምጠረጥረው ክረምት ላይ የተቀየረልህን የፊት መብራት ነው። የቀየረልህ ሰው ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎት ከሆነ ጤዛውን ይጠጣል። ርካሹ የመብራት ሳጥን ደግሞ ጎማው በአንድ ዓመት ይሰነጠቃል። ስንቱን አይቻለሁ።

110ው ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ጎንደር ቤት ውስጥ ብትለካ ፌዙ (የሚነዝረው ሽቦ) ከመሬት ጋር 220፣ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ዜሮ አካባቢ ነው፤ ኒውትራሉ ትራንስፎርመሩ ጋ ከመሬት ጋር ታስሯላ። ጀልባህ ላይ ግን ሁለቱም መስመሮች ከብረቱ ጋር አልታሰሩም። ቢሆንም ኬብሉ ብረቱን ተጠግቶ ነው የሚሄደው። ሽቦው በአንድ በኩል፣ ብረቱ በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ ፕላስቲክ፤ ይህ ራሱ ካፓሲተር ነው፤ ሽቦውና ብረቱ ሳይነካኩ በኤሌክትሪክ ይሳሳባሉ ማለት ነው። ሁለቱም መስመሮች ብረቱን እኩል ስለሚስቡት መሃል ላይ ይቆማል። የተጠመዱ በሬዎችን አስብ። እኩል ሲጎትቱ ሞፈሩ መሃል ነው። አንዱ ወደ ራሱ ከሳበው ለእሱ ይቀርባል፣ ከሌላው ይርቃል። የአንተ 5 እና 217 ይኸው ነው፤ ብረቱ የአንደኛው መስመር ተቀጥላ ሆኗል።

ብሬከሩ የማይወርደው ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ዞሮ የሚመለስበት ስለሌለው ነው። ሌላው መስመር የሆነ ቦታ ብረቱን የነካ ቀን ግን ሾርት ነው። የሚነካው ደግሞ የአንተ እጅ ሊሆን ይችላል። «ግራውንድ የለውም፣ አይነዝርም» የሚልህን አትስማ። እርጥብ ብረት ላይ ቆመህ 217ቱን ከያዝክ ይገድልሃል። ጄነሬተሩ ሳይጠፋ ምንም ሳጥን አትክፈት።

ሥራውን ጤዛው ሳይደርቅ በጠዋት ጀምር። ጄነሬተሩ ጠፍቶ ሳለ የመልቲሜትሩን ሽቦዎች 5 በሚለው መስመርና በብረቱ ላይ በመቆንጠጫ እሰር። ከዚያ አስነሳና ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አውርድ። የትኛው ሲወርድ ቁጥሩ ወደ 110 ከዘለለ በሽታው እዚያ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፤ ብሬከርህ አንዱን መስመር ብቻ የሚቆርጥ ርካሽ ዓይነት ከሆነ የታመመው መስመር ሳይቆረጥ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ሁለቱንም ሽቦ ከቦርዱ መፍታት አለብህ። ለዚህም ጄነሬተሩን አጥፋ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አጥፋ።

መብራቱ ከሆነ ናስትሮውን ጥለህ፣ ሽቦውን እስከ ንጹሑ መዳብ ቆርጠህ፣ ውኃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ በተርሚናል እሰረው። የኬብሉ መግቢያ ወደ ታች ይዙር። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ለካ። ሁለቱም ወደ 110 ካልተጠጉ ሌላ ቦታ፣ ምናልባት የውኃ መምጠጫው ፓምፕ ሊሆን ይችላልና የለካኸውን ጻፍልኝ።